የሐይቅን ውኃ በምን እንለካዋለን?

ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተኛው የሐይቅ ውኃ፣ በዓይን ብቻ ለሚያየው፣ የጥንቱ ነው። ተራሮቹ እንደ ከበቡት አሉ፤ ጀልባው ይወጣል፣ ይገባል፤ የእስጢፋኖስ ገዳምም ቀድሞ ደሴት በነበረው፣ ኋላ ውኃው ሲሸሽ ከየብስ በገጠመው ምድር ላይ ቆሟል። በመለኪያ ያዩት ሰዎች ግን ሌላ ታሪክ ጽፈዋል። ነጭ ሳህን በገመድ አስሮ ወደ ውኃ መስደድና ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት መያዝ፣ አንጄሎ ሴኪ የተባሉ ጣሊያናዊ ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1865 ያስለመዱት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ሲለካ የሐይቅ ውኃ ቀደም ባለው ዘመን እስከ 9 ሜትር ድረስ ያሳይ ነበር። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት ግን ሳህኑ የሚጠፋው 1.2 ሜትር ላይ ሆኗል። የጠራው ውኃ አረንጓዴ ለብሷል።

በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ቆሮሶ ዓሣ ተጨምሮበታል። ዳገቱ ተመንጥሯል፣ ታርሷል፤ ከተማውም አድጓል። ሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ውኃው በትነት ይሄዳል፤ ጎርፍ ያመጣው ግን እዚያው ይቀራል። ከእነዚህ ምክንያቶች የትኛው ምን ያህል እንደሠራ የሚለየው ደጋግሞ፣ በየወቅቱ፣ በየጥልቀቱ በመለካት ነው። ታዲያ በምን እንለካ? ይህ ጥያቄ የግዢ ክፍል ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያሳስበኛል። ስለ ዕውቀት ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ዋነኛው እርሱ ይመስለኛልና።

ሐይቅ ሲለመልም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፎስፈረስ ነው። ፎስፌት በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ቀለም ያለብሱታል። መርፊና ራይሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት ዘዴ መሠረት አሲድ፣ ሞሊብዴት፣ ጥቂት አንቲሞኒና ቫይታሚን ሲ ከውኃው ጋር ይደባለቃሉ። ፎስፌት ካለ ውኃው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊው በበረታ መጠን ፎስፌቱ በዝቷል ማለት ነው። የሰማያዊውን ብርታት የሚነግረን በውኃው ውስጥ ሲያልፍ የሚጎድለው ብርሃን ሲሆን፣ የሚነበበውም 880 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ዓይን የማያየው፣ ከቀይ ወዲያ ያለ ብርሃን። ቡጌር በ1729፣ ላምበርት በ1760፣ ቤር በ1852 ተራ በተራ የደረሱበት ሕግ እንደሚለው የሚጎድለው ብርሃን በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በውኃው ውስጥ ባለው ነገር መጠንና ብርሃኑ በሚያልፍበት መንገድ ርዝመት።

ይህ የመንገድ ርዝመት ትንሽ ነገር ይመስላል። በየላቦራቶሪው የተለመደው ኩቬት አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። የውኃ ምርመራ ሰዎች የሚመሩበት መደበኛ የዘዴዎች መጽሐፍ እንደሚያስቀምጠው በአንድ ሴንቲ ሜትር መንገድ ይህ ዘዴ በሚገባ የሚያነበው በሊትር ከ0.15 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ጀምሮ ነው። በአምስት ሴንቲ ሜትር መንገድ ግን ከ0.01 ይጀምራል። አንድ ሐይቅ ለመለምለም ስንት ይበቃዋል? ጠቅላላ ፎስፈረሱ በሊትር 0.03 ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርስ የሐይቅ ተመራማሪዎች በምግብ የጠገበ ውኃ ይሉታል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አረንጓዴ ለብሶ ከቆመ ሐይቅ የተቀዳ ውኃ በተለመደው ኩቬት ተለክቶ መዝገብ ላይ «አልተገኘም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የለካው ሰው አልዋሸም። ማሽኑም አልተበላሸም። ዕቃው ሲበጅ ግን የዚህ ሐይቅ ጥያቄ በአእምሮ ውስጥ አልነበረም።

እያንዳንዱ መሣሪያ ሌላ ሰው አስቀድሞ የወሰነውን ይዞ ይመጣል። ምን ያህል ትንሽ ነገር ማየት እንደሚገባ፣ ናሙናው በምን ዓይነት ዕቃ እንደሚቀርብ፣ ክፍሉ ምን ያህል ቀዝቃዛ፣ ኤሌክትሪኩ ምን ያህል የማይቋረጥ እንደሆነ ተወስኖ ተሠርቷል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ውሳኔው ከብረቱ ጋር ተጣብቋል፤ ሊነቀል አይችልም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ማወቅ የምንፈልገውን ሳይሆን ያለን ማሽን የሚመልሰውን ይሆናል። አንድ የማስተርስ ተማሪ ርዕስ ሲመርጥ «ላቦራቶሪያችን ምን መለካት ይችላል?» ብሎ መጀመሩ የተለመደ ነው። ተማሪው ጥፋት የለበትም፤ ድህነቱ ግን ከገንዘብ ድህነት ይብሳል፤ የጥያቄ ድህነት ነውና።

ስሪዲ ፕሪንተር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በኮምፒውተር የተሣለውን ቅርጽ፣ ሁለት መቶ ዲግሪ ገደማ ላይ የሚቀልጥ የፕላስቲክ ክር እያንጠባጠበ፣ ብዙ ጊዜ ከሚሊ ሜትር ሩብ በማይበልጥ ንብርብር ከታች ወደ ላይ ይሠራዋል። ሐሳቡ የሰማንያዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በብዙ ሰው እጅ የገባው ግን አድሪያን ቦየር በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ ራሱን በከፊል ማተም የሚችል ማሽን በ2005 ከጀመሩና የዋናው ዘዴ የባለቤትነት መብት በ2009 ካበቃ በኋላ ነው። በ2013 ቶጎ ውስጥ፣ ሎሜ ላይ፣ ኮጆ አፋቴ ኚኩ የተባለ ወጣት ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ማተሚያ ሠርቶ አሳይቷል። በዚያው ዓመት አንዛሎኔ፣ ግሎቨርና ፒርስ የታተመ የቀለም መለኪያ አወጡ፤ ዕቃው በሃምሳ ዶላር ገደማ የሚሠራ፣ ሥዕሉም ለማንም የተከፈተ። የሴኪ ሳህን እንኳ በ2019 ከነመጠቅለያው የሚታተም፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ሆኖ ተነድፏል። ቶም ባደንና ባልደረቦቻቸው በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ካስተማሩት በመነሣት በ2015 ስለ ታተመ የላቦራቶሪ ዕቃ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል።

ርካሽነቱ ደስ ይላል፤ እኔን የሚይዘኝ ግን እርሱ አይደለም። አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን እናስብ። በአንድ ጫፉ የ880 ናኖሜትር ኤልኢዲ፣ በሌላው ጫፉ ብርሃን ተቀባይ፣ በመካከሉ ሁለት የመስታወት መስኮት ያለው የውኃ መያዣ። የመያዣው ርዝመት በሥዕሉ ላይ አንድ ቁጥር ነው። አንድ የነበረውን አምስት፣ ካስፈለገም አሥር ማድረግ ይቻላል። ለሐይቅ የሚያስፈልገው ይህ ነበር፤ የሚያስፈልገውንም የሚያውቀው ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ነው።

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ተሻግረን አምባሰል ስንገባ ጥያቄው ይለወጣል። እዚያ ብዙው ሰው ስለ ሐይቅ ሳይሆን ስለ ምንጭ ያስባል። ክረምት ሲገባ፣ ጎርፉ ሲወርድ፣ ምንጩ ይደፈርሳል ወይ? ከደፈረሰስ የጨመርንበት ውኃ አጋር፣ የክሎሪን መድኃኒቱ፣ ይሠራል ወይ? ክሎሪን በድፍርስ ውኃ ውስጥ አፈሩን ተገን ካደረገ ጀርም ጋር መታገል ይከብደዋልና። ድፍርስነት የሚለካው በጎደለው ብርሃን ሳይሆን ወደ ጎን በተበተነው ነው። ብርሃን ተቀባዩ ከኤልኢዲው ፊት ለፊት መሆኑ ይቀርና በዘጠና ዲግሪ ጎን ይቀመጣል። በሥዕሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ ከጫፍ ወደ ጎን ተዛወረች ማለት ነው። የሐይቁ ሣጥን የአምባሰል ሣጥን ሆነ። ከደሴ ወደ ደቡብ ወርዶ ኮምቦልቻ ደግሞ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ከፋብሪካዎች ወጥቶ ወደ ቦርከና በሚወርደው ፍሳሽ ውስጥ፣ በተለይም ቆዳ ከሚለፋበት ቦታ፣ አደገኛው የክሮሚየም ዓይነት ይኖር ይሆን? እርሱ ዳይፊኒልካርባዛይድ ሲጨመርበት ሐምራዊ ይሆናል፤ 540 ናኖሜትር ላይም ይነበባል። ኤልኢዲው አረንጓዴ ይሆናል፤ ሌላው እንደ ሐይቁ ሣጥን ነው። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ፣ ሦስት ውኃ፣ ሦስት ጥያቄ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያሰበ ካታሎግ አላየሁም።

ደግሞም ውኃ አይጠብቅም። ለፎስፌት የተቀዳ ናሙና ተጣርቶ፣ በበረዶ ተይዞ፣ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ካልተጣራ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው አልጌ መንገድ ላይም እየበላ ይሄዳል። ከሐይቅ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በረዶው ቢቀልጥ፣ መኪናው ቢዘገይ፣ ላቦራቶሪ የሚደርሰው ሐይቁ አይሆንም፤ የጠርሙሱ ውኃ ነው። ከሰማንያ ሜትር ከሚጠጋው ጥልቀት ናሙና ማውጣትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሚፈለገው ጥልቀት ላይ ብቻ የሚከፈት ጠርሙስ ውድ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ አንገት ላይ ልክ የሚገጥም፣ በሁለተኛ ገመድ ሲሳብ የሚከፈት ክዳን ግን ተሥሎ ሊታተም ይችላል። ሃይላንድ ደግሞ ሐይቅም፣ ውጫሌም፣ የትም አለ።

የወሎ ሰው ላቦራቶሪ ሲጎድል ምን እንደሚመስል ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፣ ወድሟል። ለዓመታት በዶላር ተገዝቶ፣ በጉምሩክ አልፎ የተሰበሰበ ዕቃ በሳምንታት ውስጥ ጠፋ። ይህን የሚተካ የፕላስቲክ ሣጥን የለም፤ አለ ብዬም አልጽፍም። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ጉዳት እንዳለ አስባለሁ። ዕቃው የሄደበት ሰው አለ፤ ዕቃውን የመሥራት ዕውቀት ግን እጁ ላይ ከነበረ እንደገና ይጀምራል። ዕቃውም ዕውቀቱም የሌላ የሆነበት ሰው ግን ደጅ ይጠናል።

ይህን የሚያሳይ ምስክር ከዚያው ከወሎ ተራራ ላይ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለ እጆችን ሰብስበው ሰባስቶፖልን አሠሩ፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ አስጎተቱ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። ጋፋት ግን ትምህርት ቤት ሆኖ አልቀጠለም፤ ሠሪዎቹ ሲሄዱ ሥራው አብሯቸው ሄደ። ንጉሡ የፈለጉትን አገኙ፤ ፍላጎታቸው ግን ለመድፉ እንጂ መድፍ ለሚሠራው እጅ ጊዜ አላገኘም። ከዚያ በፊትም በኋላም ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸክላ የሚሠራውን ቡዳ እያልን ስናሸማቅቅ ኖረናል፤ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ ያልተሠራ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ ድካሙን በጥቂት ድካም እንደሚለውጥ ጽፈው ነበር። ይህ ሁሉ የአንድ ስፔክትሮፎቶሜትር ዋጋ በተነሣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በልገሳ የመጣ ስሪዲ ፕሪንተርም ሥዕሉን የሚለውጥ ሰው ካልተገኘለት ሌላ ሰባስቶፖል ነው።

ሐይቅ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክ አላት። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገዳሙን የትምህርት ቦታ አደረጉት፤ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል፣ እ.ኤ.አ. በ1280 እና 1281 መካከል የተጻፈው፣ ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁት የግእዝ መጻሕፍት እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። ያን መሰል መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ብራናውን ይፍቃል፣ ቀለሙን ይበጠብጣል፣ ብርዑን ራሱ ይቀርጻል። ቃሉ ግን የእርሱ አይደለም፤ ከሌላ መጽሐፍ ይገለብጠዋል። ለዚህም አያፍርም። በገልባጭና በገልባጭ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ግእዙን የማያውቀው ስሕተቱን እንዳለ ያሳልፋል፣ የራሱንም ይጨምርበታል፤ የሚያውቀው ያርማል። ከኢንተርኔት የወረደ የመሣሪያ ሥዕልም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። ግድግዳው ለምን ሁለት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ መስኮቱ ለምን ከፕላስቲክ እንዳልተሠራ የማያውቅ ሰው ቢያትመው ዕቃ ያገኛል፤ የሚለካ ነገር ግን አላገኘም። ቀድቶ መነሣት ነውር አይደለም። ገዳሙ በመገልበጥ ትልቅ ሆኗል፤ የገለበጠውን ስለሚያነብ።

ከባዱ ነገር እምነት ነው። አምራቹ የታወቀ ማሽን ቁጥር ሲሰጥ ስሙ ይመሰክርለታል። ሐይቅ ላይ የታተመ ጥቁር ሣጥን ቁጥር ሲሰጥ ማን ይመሰክርለታል? ይህ ጥርጣሬ ለእኛ አዲስ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድል ከደጅ የሚበቅል መድኃኒት መሆኑን ተረዱ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን ግን ያለፈው አገር ውስጥ የተሠራው ምርመራ በውጭ ተቀባይነት አጥቶ፣ የደኅንነቱ ጥናት በታወቁ የውጭ ላቦራቶሪዎች እንደገና እስኪሠራ በመጠበቅ ነበር። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲቀበሉም የአፍሪካ ሳይንቲስት ሥራ የሚታመንበትን መንገድ ጉዳይ በግልጽ አንሥተውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት የሐይቅን ከተማ አዲስ የቢልሃርዝያ ቦታ ብሎ መመዝገቡን ሳነብ ያ የባከነ ዘመን ይከነክነኛል።

ሆኖም የእርሳቸው ታሪክ ማንኛውም የአገር ቤት ቁጥር ይታመን አይልም። ቁጥር የሚታመነው ሌላ ሰው ሊጥለው ሞክሮ ሳይወድቅ ሲቀር ነው። የታተመ ዕቃ እዚህ ላይ ከተዘጋው ማሽን የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ሆዱ የተከፈተ ነው። ሥዕሉ፣ የኤልኢዲው ዓይነት፣ ቁጥሩን ያሰላው ፕሮግራም ሁሉ ለተጠራጣሪው ሊሰጥ ይችላል። ወልድያ ያለ ሰው ያንኑ አትሞ፣ ያንኑ ውኃ ለክቶ፣ ተሳስታችኋል ሊል ይችላል።

የሚሳሳትበትም መንገድ ብዙ ነው። ንብርብሮቹ መካከል ውኃ ይሰርጋል። ማተሙ ሰዓታት ስለሚፈጅ መብራት ከመሐል ሲጠፋ ዕቃው ለሁለት የተሰፋ ያህል ይሆናል፤ ስፌቱ ላይም ብርሃን ይገባል። ፒኤልኤ የሚባለው ተወዳጅ ፕላስቲክ ስድሳ ዲግሪ ገደማ ላይ ይለሰልሳል፤ ጸሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሊጣመም ይችላል። ኤቢኤስ በአሴቶን ይሟሟል። ጠንካራ ቤዝ ፒኤልኤን ይበላዋል። ስለዚህ ፕላስቲኩ ሣጥን ይሁን፤ ኬሚካሉን የሚነካው መስታወት ይሁን። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የጥቁሩ ነገር ነው። ሣጥኑን ጥቁር የምናደርገው የውጭ ብርሃን እንዳይገባ ነው፤ በዓይናችንም አይተን ጥቁር ነው እንላለን። የምንለካው ግን 880 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ለዓይን ጥቁር የሆነ አንዳንድ ቀለም ለዚያ ብርሃን እንደ መስታወት ነው። በከሰል ጥላሸት የጠቆረ ፕላስቲክ ብርሃኑን ያግዳል፤ በሌላ ማቅለሚያ የጠቆረው ላያግድ ይችላል። ይህን ዓይን አይፈርድም። የሚፈርደው ኤልኢዲውን አጥፍቶ፣ ሣጥኑን አንዴ በጨለማ ክፍል፣ አንዴ ጸሐይ ላይ አስቀምጦ ሁለቱን ንባብ ማስተያየት ነው።

የማይታተምም አለ። ሞሊብዴቱ፣ የተጣራው ውኃ፣ ኤልኢዲው፣ መስታወቱ ከሌላ ቦታ ይመጣሉ። ስታንዳርዱም እንዲሁ፤ የደረቀ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.2195 ግራም በአንድ ሊትር ውኃ ሲሟሟ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ይሆናል፤ ከዚያ እየቀጠኑ ወደ ሐይቁ መጠን መውረድ ነው። ለዚህ እስከ አራተኛው የአሥርዮሽ ቤት የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ለሚዛኑ ገንዘብ መጠየቅም አያሳፍርም። ሣጥኑ ምንም ያህል በአካባቢ ልክ ቢበጅ፣ ግራሙ የትም አንድ መሆን አለበትና።

ስለዚህ የምመኘው ሥራ ይህን ይመስላል። ከሐይቅ፣ ከአንድ ጥልቀት፣ አንድ ናሙና ይቀዳ። ወዲያው ይጣራ፣ ለሁለት ይከፈል። ግማሹ እዚያው ዳር ላይ በታተመው ሣጥን ይለካ፤ ግማሹ በበረዶ ተይዞ ረጅም ኩቬት ወዳለው ትልቅ ላቦራቶሪ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ፣ በዚያው ሌሊት ይሂድ። ይህ በየወሩ ይደገም፤ ክረምትም በጋም። ሁለቱ ቁጥሮች ሲስማሙም ሳይስማሙም ሁለቱም ከነቀናቸውና ከሣጥኑ ሥዕል ቅጂ ቁጥር ጋር ይጻፉ። ካልተስማሙ፣ ማሽኖቹን ከመክሰስ በፊት፣ ጠርሙሶቹ በምን እንደታጠቡ ይጠየቅ። አንዳንድ ሳሙና ፎስፌት አለበት፤ ለዚህ ሥራ የሚውል ዕቃ የሚታጠበው በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። በአሲድ ታጥቦ፣ በተጣራ ውኃ ተለቃልቆ፣ እንደገና ይለካ።